ፊትን የሚያነጣ ብርሃን፣ ፊትን የሚገልጥ ብርሃን

ፎቶግራፍ ከኪነ ጥበብ ዘርፎች አንዱ ከሆነ፣ ባለሙያው ብርሃኑን የሚመርጥበት መንገድም የጥበብ ጥያቄ እንጂ የገበያ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ የሰው ምስል ማንሳት ለሚጀምሩ ወጣቶች ዘወትር የሚሰጠው ምክር ከመደብር መደርደሪያ ተነሥቶ እዚያው የሚያበቃ ነው። «ኃይለኛ ፍላሽ ግዛ፤ ሦስት አድርገው፤ ካሜራው ራሱ ይለካልሃል» ይባላሉ። ይህ ምክር ከሥር መሠረቱ የተሳሳተ ነው።

በመጀመሪያ፣ የኃይል ጥያቄ በአመዛኙ የርቀት ጥያቄ ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የብርሃን ጥንካሬ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍላሹን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ያቀረበ ጀማሪ አራት እጥፍ ኃይል ያለው መሣሪያ የገዛ ያህል ነው። ለአንድ ሰው ምስል በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍላሽ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የካሜራው ልኬት ፊትን አያውቅም። መለኪያው የተሠራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ ነው። ነጭ ነጠላ የተከናነበች እናት ከፊቱ ስትቀመጥ፣ በጨርቁ ንጣት ተታልሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቷም ይጨልማል። አንሺው ደግሞ ጉድለቱን ለማረም ምስሉን በጅምላ ያነጣዋል። ጠይም ፊት አመድ የነፋበት መስሎ ከየስቱዲዮው የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ የቆየ ታሪክም አለው። ኮዳክ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያደለው «ሸርሊ» የተሰኘ ማመሳከሪያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር፤ የቀለም ትክክለኛነት የሚመዘነው በእርሷ ቆዳ ነበር። የፊልሙ ዘመን ቢያልፍም፣ ንጣትን ከጥራት ጋር የማምታታቱ ልማድ ገና አልተወገደም።

ሦስተኛ፣ ካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ ግንባርን ያብለጨልጫል፤ የጉንጭንና የአፍንጫን ቅርጽ ይደመስሳል። የጠይም ፊት ቅርጽ በጥላ ብቻ ሳይሆን በነጸብራቅም ይነበባል። ነጸብራቁ ለስላሳ እንዲሆን የብርሃኑ ምንጭ ሰፊ መሆን አለበት። ስለዚህ 1 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነጭ ጃንጥላ፣ ከዓይን ከፍ ብሎ ወደ ጎን 45 ዲግሪ የቆመ አንድ ፍላሽ፣ በወዲያኛው ጎን ደግሞ አንድ ነጭ አንሶላ ከሦስት ፍላሾች ይልቅ ያስተምራሉ። የማሊው ሰይዱ ኬይታ በ1948 እ.ኤ.አ. በባማኮ ስቱዲዮውን ከከፈተ በኋላ ስሙን ያስጠሩትን ምስሎች በአብዛኛው ያነሣው በግቢው ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ነው፤ የአልጋ ልብሱንም ለዳራነት ሰቅሏል። የጎደለው መሣሪያ ጥበቡን አላጎደለበትም።

እርግጥ ነው፣ ሠርገኞችን በጅምላ ወይም ሰፊ አዳራሽን ለማንሳት ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። ግን ያ የጀማሪ ትምህርት አይደለም። ጀማሪው መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ የፍላሹን ኃይል ከሙሉ እስከ 1/128 በእጅ መመጠን ይቻላልን? ከካሜራው ርቆ በራዲዮ መታዘዝ ይችላልን? ማቆሚያው ጃንጥላውን ችሎ ይቆማልን? እነዚህን የሚያሟላ ርካሽ ፍላሽ፣ የማያሟላውን ውድ ፍላሽ ያስንቃል።

መምህራንም ተማሪውን ከዋጋ ዝርዝር በፊት ከመስኮት አጠገብ በተቀመጠ ሰው ፊት ሊያቆሙት ይገባል። ብርሃን የት እንደሚያርፍ፣ ጥላ የት እንደሚጀምር ያላየ ዓይን፣ የትኛውም ፍላሽ አያበራለትም። በፎቶግራፉ ላይ ራሱን ማግኘት ያቃተው ሰውም የተጓደለበት ውበቱ ብቻ ሳይሆን ማንነቱ ነው።