ቡፌው ዘፈነ!

ዛሬ የፍቅርና የኩርፊያ ወሬያችንን ገታ አድርገን ስለ እንጨት እናወራለን። አዎ፣ ስለ እንጨት! (ኩርፊያው ግን አይቀርም፤ መጨረሻ ላይ ትደርሱበታላችሁ።)

ነገሩ የተጀመረው በቡፌ ነው። ከእናንተ መሀል እናቱ ቡፌ ያልነበራት ማን አለ? ከላይ ባለ መስታወት በር፣ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች የተደረደሩበት፣ ከታች ደግሞ ሁለት የእንጨት በር። የኛው እናታችን እቁብ ሲደርሳት አናጢ ዘንድ አዝዛ ያሰራችው የዋንዛ ቡፌ ነው። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። እኛም ከድሮው ሰፈር ተነስተን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። ቡፌው በደረጃው አልታጠፍ ብሎ ላይና ታቹ ተለያይቶ ወጣ። ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ኮሪደር!

አባቴ «ለቆራሌው ስጪልኝ» ይላል። ታላቅ እህቴ ደግሞ «የእማዬን ዕቃ የነካ ከኔ ጋር አይተዋወቅም» ትላለች። ባሏ ቤት ተቀምጣ ማለት ቀላል ነው! አባቴ ቡፌውን ላለማየት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይውላል። የሚናገረውም «ምሳ ቀረበ?» እና «በሩን ዝጊው» ብቻ ሆኖ ነበር።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ተቀምጠን ሳለ ከየት እንዳመጣው እንጃ «እኛ ቡና ቤት እኮ ጁክ ቦክስ ነበረን» አለኝ። በወጣትነቱ ፒያሳ አሳላፊ ነበር። «ሳንቲም ትከቺበታለሽ፣ ፊደልና ቁጥር ትጫኛለሽ፣ ክንዱ ሄዶ ሸክላውን ያነሳል።» ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የትኛው ዘፈን በየትኛው ቁጥር እንደነበር አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ሻማው አለቀ፣ እሱ አላለቀም።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ሳንቲም እየበላ የሚዘፍን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1889 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ሲገባ ድምፅ ማጉያ እንኳ አልነበረውም፤ ሰው በቱቦ ጆሮው ላይ ደቅኖ ነበር የሚሰማው። እነዚያ በፊልም የምናያቸው፣ በቀለማም መብራት የሚያሸበርቁት የዉርሊትዘር ጁክ ቦክሶች የ1946 ናቸው። በ1949 ደግሞ ባለ 45 ዙሯ ትንሽ ሸክላ መጣች። የኛዎቹ ዘፋኞችም የገቡት በዚችው ሸክላ ነው፤ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ያሳተመው በሷ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ካሴት መጣ፣ በቃ ጁክ ቦክሱ አቧራ ለበሰ።

በማግስቱ መጋዝ ተዋስኩ። እህቴን ጠየቅኋት? አልጠየቅኋትም።

እናንተም ልትሞክሩት ካሰባችሁ መጀመሪያ እንጨቱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ዱቄት ካረገፈ ነቀዝ በልቶታል፣ ተዉት። አሮጌ ገዝታችሁ ከሆነም ስንጥቁን ሁሉ በባትሪ ፈትሹ፤ ትኋን ይዛችሁ ቤት እንዳትገቡ! እኔ የታችኛውን ክፍል ሁለት በሮች አውልቄ በቦታቸው ከላይኛው መደርደሪያ የወጣ ጣውላ ገጠምኩ። ጣውላው ላይ ለስፒከር ሁለት ክብ፣ ለቴፑ አንድ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አወጣሁ። ክቡን የሳልኩት በድስት ክዳን ነው፣ አትሳቁ። ስፒከሩ 16 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቀዳዳው 14 ይብቃው፤ አለበለዚያ ጠርዙ የሚያርፍበት ያጣል።

ከዚያ ወደ ምናለሽ ተራ! አሮጌ የመኪና ቴፕ (ፍላሽ የሚቀበልና ሪሞት ያለው ይሁን)፣ ከሚኒባስ የተፈታ ሁለት ስፒከር፣ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ። ሻጩ «ለማን ነው እህት?» አለኝ። «ለራሴ» ስለው ጎረቤቱን ጠርቶ አብረው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

የመኪና ቴፕ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ቢጫውና ቀዩ ሽቦው አንድ ላይ ተጠምዝዘው ከፓወር ሰፕላዩ ቢጫ ሽቦ ጋር፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ይገናኛሉ። ፓወር ሰፕላዩ እንዲነሳ አረንጓዴ ሽቦውን ከአንዱ ጥቁር ጋር ማገናኘት ነው፤ እዚያ መሀል ማብሪያ ማጥፊያ ብታስገቡ ያምራል። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን እንዳትከፍቱ! ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ውስጡ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ይኖራል። ስታኞ መበየድ ካልቻላችሁ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ሂዱ፣ ነውር የለውም።

የስፒከሮቹን ክፍል ጀርባ በኮምፔርሳቶ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉት። ክፍት ከሆነ ከስፒከሩ ፊትና ኋላ የሚወጣው ድምፅ ይጣፋና ቤዙ ይሞታል። ውስጡን የአሮጌ ትራስ ጥጥ አልብሱት። ፓወር ሰፕላዩ ግን ስለሚሞቅ በጣውላ ተለይቶ አየር የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከጥጡ ጋር እንዳይገናኝ አደራ። ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ፣ ጥብጣብ የመሰለው መብራት... ይህን ራሳችሁ ታውቁበታላችሁ።

የዘፈን ዝርዝሩን ያስጻፈኝ አባቴ ነው፤ አርባ ዘፈን። ካርቶን ላይ በጉልህ ጻፍኩና ሪሞቱን እንዳይጠፋ በጫማ ክር አሰርኩት። የመጀመሪያው ማታ 12ን ተጫነ። የወጣው 31 ነው! 5ን ተጫነ፣ 22 መጣ። «ይሄማ ሰክሯል» አለ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ለካስ ርካሹ ቴፕ የፋይሉን ስም አያነብም፤ የሚከተለው ወደ ፍላሹ የገቡበትን ተራ ነው። ስለዚህ ፍላሹን አጽድታችሁ ከ1 ጀምራችሁ አንድ በአንድ ኮፒ አድርጉ። ሌሊቱን ሙሉ አስኬደኝ።

አሁን አባቴ ፊቱን ከመስኮቱ መልሷል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ «ዘፈን ያለ ሳንቲም የለም» ብሎ ጣሳ አስቀምጧል። አንድ ብር ነው ሒሳቡ።

እህቴስ? መቆረጡን በስልክ ሰምታ ሁለት ወር አላናገረችኝም። ባለፈው እሁድ መጣች። አልሳመችኝም። እሷ ትምህርት ቤት ውላ ስትመጣ ቁልፍ የምትደብቅበትን መሳቢያ ፈለገች፤ የለም፣ አሁን እዚያ ቴፑ ነው ያለው። እጇን እንጨቱ ላይ አድርጋ ቆየች።

«መስታወቶቹስ?» አለችኝ።

አልጋ ስር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ያስቀመጥኳቸውን ሁለቱን የመስታወት በሮች አወጣሁላት። አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን አራቱን ፎቅ ወረድን። ታክሲ ውስጥ ካስገባናቸው በኋላ «ብርጭቆዎቹን ደግሞ ለቅዳሜ አዘጋጂልኝ» ብላኝ ሄደች።

በሉ ቸር ሰንብቱ!