ቁጥሩ እውነት ነው፤ መስፈሪያው ግን የማን ነው?

የሰው ልጅ መገበያየት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በገዢና በሻጭ መካከል ጠብ ሲያነሣ የኖረው ዋጋው ብቻ ሳይሆን መስፈሪያውም ጭምር ነው። በአገራችን ገበያ የአንዱ አውራጃ ቁና ከሌላው አውራጃ ቁና ይለይ እንደ ነበር፣ ጣሳም ሥሩ ወደ ውስጥ የተገፋ እንደ ሆነ አንድ እፍኝ እህል እንደሚያጎድል የማያውቅ ገበያተኛ የለም። ስለዚህ ብልህ ሸማች «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «በየትኛው መስፈሪያ?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የፈለግነው ይኸው የቆየ ጥያቄ በዘመናዊው መደብር፣ በታሸገ ምግብ ጀርባ ላይ፣ በአዲስ መልክ መነሣቱን ነው።

አንድ የብስኩት ወይም የለስላሳ መጠጥ ማሸጊያ ገልብጦ የተመለከተ ሰው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሠንጠረዥ ያገኛል። በሠንጠረዡ ውስጥ ካሎሪው፣ ስቡ፣ ስኳሩና ሶዲየሙ በቁጥር ተዘርዝረዋል። ቁጥሮቹ እንደ ደንቡ ተሠልተው የተጻፉ ስለሆኑ ሐሰት ናቸው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን በብዙ አገሮች ዕቃ ላይ ከቁጥሮቹ በላይ «ለአንድ ጊዜ የሚበላ መጠን» የምትል አንዲት መስመር አለች። የሠንጠረዡ ቁና ይህች መስመር ናት። ቁናው ሲያንስ ስኳሩም፣ ስቡም፣ ጨውም አብረው ያንሳሉ፤ በማሸጊያው ውስጥ ያለው ምግብ ግን አንዲት ፍርፋሪ እንኳ አይቀንስም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሕጉ ረጅም ታሪክ ወዳለበት ወደ አሜሪካ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር ቀድሞ የአንድ ጊዜውን መጠን የሚወስነው እያንዳንዱ ፋብሪካ ራሱ ነበር። ይህም ልቅነት ወቀሳ ስላመጣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) በምግብ ማሸጊያ ላይ ስለሚጻፍ መረጃ የወጣውን ሕግ ፈረሙ፤ አዲሱም ሠንጠረዥ በ1994 ሥራ ላይ ዋለ። በሕጉ መሠረት የአንድ ጊዜ መጠን ማለት ሰው ሊበላው የሚገባው ሳይሆን በልማድ የሚበላው መጠን ነው። መጠኑን ለማወቅም በ1977–78 እና በ1987–88 የተደረጉት የሕዝብ አመጋገብ ጥናቶች መሠረት ሆኑ።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ የሰው ልማድ እንደ ድንጋይ ጽላት ባለበት የሚቆም አይደለም። ጠርሙሱ እየተለቀ፣ ሳሕኑም እየሰፋ ሄደ፤ መስፈሪያው ግን ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ተወሰነ ቆየ። ለምሳሌ ያህል የለስላሳ መጠጥ አንድ ጊዜ መጠን 8 አውንስ ሲሆን፣ በየሱቁ የሚሸጠው ጠርሙስ ደግሞ 20 አውንስ፣ ማለት 591 ሚሊ ሊትር ነበር። እንዲህ ባለው አንድ ጠርሙስ የኮላ መጠጥ ውስጥ 65 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። በሁለት ተኩል ተካፍሎ ሲጻፍ ግን ዐይን የሚያርፈው በ26 ግራም ላይ ነው። ጠርሙሱን ከፍቶ ሲጠጣ ሁለት አምስተኛው ላይ ሲደርስ የሚያቆምና የቀረውን ለሁለት ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው ማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ በቀን 2000 ካሎሪ የሚመገብ ሰው ከተጨማሪ ስኳር የሚያገኘው ከ50 ግራም በታች እንዲሆን መክሯል። ስለዚህ ጠርሙሱን የጨረሰ ሰው የቀኑን ወሰን አልፎ ሳለ፣ ግማሹን ብቻ እንደ ወሰደ አድርጎ ሊያስብ ይችላል።

ለተማሪና ለወንደላጤ ሠራተኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ በእኛ ከተሞች በልማድ «ኢንዶሚ» እየተባለ የሚጠራው የፈጣን ኑድል ዓይነት ነው። በአሜሪካ በሚሸጡት በእነዚህ ኑድሎች ማሸጊያ ላይ የአንድ ጊዜው መጠን ለብዙ ዓመታት ግማሽ ጡብ ነበር፤ በግማሹም ውስጥ 800 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ይታያል። ግማሽ ኑድል ቀቅሎ፣ ቅመሙንም ለሁለት ከፍሎ የሚያስቀምጥ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ በላተኛው የሚወስደው 1600 ሚሊ ግራም ነው። ይህም ወደ ጨው ሲለወጥ 4 ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም ያነሰ ጨው በመሆኑ፣ አንዱ ሳሕን ብቻ የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ምንም ያህል አይቀረውም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያስገርመው ግን የዜሮ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ደንብ በአንድ ጊዜ መጠን ውስጥ ያለው ስኳር ወይም ስብ ከግማሽ ግራም ካነሰ «0» ተብሎ እንዲጻፍ ይፈቀዳል። ቲክ ታክ የምትባለው ከረሜላ አንዷ ፍሬ 0.49 ግራም ትመዝናለች። አብዛኛው ክፍሏ ስኳር ነው፤ የአንድ ጊዜው መጠን አንድ ፍሬ በመሆኑ ግን በሠንጠረዡ ላይ ስኳሯ ዜሮ ሆኖ ይነበባል። በምጣድ ላይ የሚረጨው የቆርቆሮ ዘይትም እንዲሁ ነው። የአንድ ጊዜው መጠን ሩብ ግራም ሲሆን፣ ይህም የሩብ ሴኮንድ ርጭት ያህል ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ስላለው ሩብ ግራሙ ከ2 ካሎሪ ጥቂት ይበልጣል፤ ከ5 ካሎሪ በታች የሆነውም ዜሮ እንዲባል ስለተፈቀደ ሠንጠረዡ «ካሎሪ 0፤ ስብ 0» ይላል። ወጥ ሠሪዋ አራት ሴኮንድ ያህል ብትረጭ 4 ግራም ዘይት፣ ማለት 36 ካሎሪ ምጣዱ ላይ አፍስሳለች። በማሸጊያው ቁጥር ሒሳቡን ብትሠራ ግን ዜሮ በ16 ቢባዛም ያው ዜሮ ነው።

የከረሜላውና የዘይቱ ነገር ፈገግታ ያስከትል ይሆናል። ትራንስ ፋት የሚባለው፣ ለልብ በሽታ ምክንያት እንደሚሆን የተረጋገጠው ስብ በዚሁ ቀዳዳ ሲያልፍ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ይህ ስብ ከጥር 2006 ጀምሮ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ቢያዝም፣ በአንድ ጊዜ መጠን ከግማሽ ግራም ያነሰው ዜሮ ይባል ነበር። በዜሮው ተማምኖ ከአንዱ ብስኩት ወደ ሌላው፣ ከብስኩቱም ወደ ፋንዲሻው የሚሄድ ሰው በቀኑ መጨረሻ ብዙ ግራም ሊያከማች ይችል ነበር። በመጨረሻም የአገሩ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት የዚህ ስብ ዋና ምንጭ የሆነው በከፊል የረጋ ዘይት ደኅንነቱ የታመነ አይደለም ሲል በ2015 ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ መዋል ያዘ። ቁጥሩን በማስጻፍ ብቻ ያልተቃናው ነገር የቀናው ዘይቱን ራሱን በመከልከል ነው።

መሥሪያ ቤቱ መስፈሪያውንም አልተወውም። በግንቦት 2016 በወጣው ደንብ የለስላሳ መጠጡ መጠን ከ8 ወደ 12 አውንስ፣ የአይስክሬሙ ከግማሽ ኩባያ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ከፍ አለ። ባለ 20 አውንሱም ጠርሙስ እንደ አንድ ጊዜ መጠን እንዲቆጠር ታዘዘ። ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ የሚበላ መጠን የያዙት ማሸጊያዎች ደግሞ ሁለት ዓምድ፣ አንዱ ለአንድ ጊዜ፣ ሁለተኛው ለሙሉው ዕቃ፣ እንዲኖራቸው ተደረገ። ታላላቆቹ ፋብሪካዎች እስከ ጥር 1 ቀን 2020፣ ታናናሾቹ እስከ 2021 ጊዜ ተሰጣቸው።

ይህ ማሻሻያ የሚመሰገን ቢሆንም አንድ ችግር አስከትሏል። ሕጉ «የሚበላው» ያለውን ብዙ ሰው «ሊበላ የሚገባው» ብሎ ያነበዋል። እንግዲህ መስፈሪያው ሲያንስ ስኳሩ ትንሽ ይመስላል፤ መስፈሪያው ሲያድግ ደግሞ መንግሥት ብዙ እንድንበላ የፈቀደልን ይመስላል። በሰው ልማድ የቆመ መስፈሪያ ከዚህ ጣጣ ፈጽሞ ሊያመልጥ አይችልም።

የአውሮፓ ኅብረት የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ ግዴታ በሆነው ደንብ (ቁጥር 1169/2011) ሠንጠረዡ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ይጻፋል፤ የአንድ ጊዜው መጠን በተጨማሪነት ቢጻፍ ይፈቀዳል። ቺሌም በ2016 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ በበዛበት ዕቃ ፊት ላይ የምታስለጥፈውን ጥቁር ምልክት የወሰነችው በዚሁ በመቶው ልክ ነው። መቶው ግራም የማንም ፋብሪካ ቁና አይደለም። እርግጥ ነው፣ ጉድለት የለውም አንልም፤ ቅመምን መቶ ግራም የሚበላ የለም፣ ጠርሙሱን ያጋመሰ ሰውም በመቶው ሒሳብ ምን ያህል እንደ ጠጣ ወዲያው አይገባውም። ስለዚህ ለማነጻጸር መቶው፣ ለራስ ሒሳብ ደግሞ የሙሉው ማሸጊያ ቁጥር ጎን ለጎን ቢጻፉ የተሻለ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ሠፈሩ ሱቅ መደርደሪያ ይመልከት። ከልዩ ልዩ አገር የመጣው ዕቃ ከአገር ውስጡ ብስኩትና ለስላሳ ጋር ተደርድሮ ይገኛል፤ ጽሑፉም በየአገሩ ደንብ የተጻፈ ነው። እንበልና አንዱ ብስኩት «በ30 ግራም 9 ግራም ስኳር»፣ ሌላው «በ100 ግራም 25 ግራም ስኳር» ይበል። ቸኩሎ የሚገዛ ሰው 9 ከ25 ያንሳል ብሎ ፊተኛውን ያነሣል። ረጋ ብሎ የሚያሰላው ግን ፊተኛው በመቶው ልክ 30 ግራም ስኳር እንዳለበትና ጣፋጩም እርሱ መሆኑን ይረዳል። ሁለቱም ፋብሪካዎች አልዋሹም፤ ሸማቹ ግን ተሳስቶ ሄዷል።

እንግዲህ የሸማቹ ሥራ ሦስት ነገር ነው። አስቀድሞ መስፈሪያውን ያንብብ፤ ቀጥሎ በማሸጊያው ውስጥ ስንት መስፈሪያ እንዳለ ይቍጠር፤ በመጨረሻም እርሱ በሚበላው መጠን ልክ ያባዛ። ዜሮ ባየ ጊዜ ደግሞ ወደ ቅልቅሉ ዝርዝር ይውረድ፤ ስኳርና ዘይት በዝርዝሩ መጀመሪያ ከተጠሩ ዜሮው ዜሮ አይደለም።

ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በሸማቹ ትከሻ ላይ መጣል ፍትሕ አይሆንም። ማባዛት የማይችለው፣ ደቃቁን ፊደል ማንበብ የተሳነው፣ ጽሑፉም በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈበት ወገናችን ብዙ ነው። በዛሬው ቀን በየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊና ረዳት ሆነው የሚሠሩ ወጣቶች ነገ ስለ ንግድና ስለ ጤና የሚወጡትን ደንቦች የሚያረቁ እነርሱ ናቸው። አገራችን አባል የሆነችበት ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ጉባኤም በመመሪያው መቶ ግራሙን መሠረት አድርጎ አስቀምጦላቸዋል። የምግብ ፋብሪካዎቻችን ገና በመብዛት ላይ ሳሉ መስፈሪያውን ማቃናት ከልማድ በኋላ ከመከራከር ይቀላል። የአሜሪካው ደንብ ያረጀ መስፈሪያውን ለማሻሻል ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ፈጀ አይተናል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተጠጣው ጠርሙስ ግን ተመልሶ አይሰፈርም።