ስለ አፋር ምድር፤ ሳይጠይቁ መፍረድ ስለሚያመጣው ጉዳት

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ያላዩትን አገር አለመናፈቅ ግን በደል አይደለም፤ በደሉ ባላዩት አገር ላይ መፍረድ ነው። ከኢትዮጵያ ክፍሎች መካከል እንዲህ ያለው ፍርድ ደጋግሞ የደረሰበት የአፋር ምድር ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት ሃይሊ ጉቢ ከተባለው ተራራ እሳተ ገሞራ በተነሣ ጊዜ፥ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን ላይ አልፎ እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ። የዓለም ጋዜጦችም ለጥቂት ቀናት ስለ አፋር ጻፉ። ነገር ግን ከጻፉት የሚበዛው ስለ እሳቱ ኃይልና መንገዳቸው ስለ ተሰናከለባቸው አውሮፕላኖች ነበር፤ አመዱ በግጦሹ ላይ ስለ ወደቀበት ከብት አርቢ የተነገረው ጥቂት ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ በሩቅ ላለ ሰው አፋር ማለት ሐሩር፥ ጨውና እሳት ብቻ ነውና።

ሐሩሩስ እውነት ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ዳሎል በዓለም ላይ ከታወቁት እጅግ ሞቃት ስፍራዎች አንዱ ነው። በ2017 ዓመተ ምሕረትም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋገመ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ከመኖሪያቸው ተፈናቅለዋል። ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን አገር በችግሩ ብቻ አይመዘንም።

ለብዙ መቶ ዓመታት በደጋው ገበያ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት የኖረው አሞሌ የተቈረጠው ከዚሁ ምድር ነው። ሊቃውንት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ የሚሰጧት ድንቅነሽ የተገኘችውም ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት በሀዳር ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሣው የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያርፈው፥ በመንገዱም የአውሳን ሜዳ አረንጓዴ የሚያደርገው በዚሁ አገር ነው።

የአገሩ ሰው ግን ምድሩን የሚወደው ስለዚህ ዝና ብቻ አይደለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚነፍሰውን ነፋስ፥ ለእንግዳ የሚቀርበውን የግመል ወተት፥ ሴቶች ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠሩትን፥ ፈርሶም በግመል ተጭኖ ወደ አዲሱ ሰፈር የሚሄደውን ደቦይታ የተባለ ቤት ያስባል። ከሁሉም በላይ ዳጉ አለው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ፥ ዝናብ ወዴት እንደ ጣለ፥ ሣር የት እንደ በቀለ፥ ከብት በምን በሽታ እንደ ታመመ፥ ሰላም መኖር አለመኖሩን ሳይጠያየቁ አይለያዩም። የሚናገረውም በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ይናገራል፤ ሐሰት ማቀበል ታላቅ ነውር ነው። በበረሃ ውስጥ የተሳሳተ ወሬ ሰውንም ከብትንም ወደ ደረቀ ጕድጓድ ይመራልና።

እንግዲህ ሳይጠይቅ የማይፈርደው ሕዝብ፥ ሳይጠይቁት በሚፈርዱ ሰዎች ተጐዳ። የአዋሽ ዳርቻ አፋሮች በበጋ የሚሰፍሩበት፥ በዝናብ ጊዜ ግን ሣሩ እንዲያገግም የሚለቁት መሬት ነበር። በተለቀቀበት ወራት ያየው ሰው ባለቤት የሌለው መሰለው። በ1954 ዓመተ ምሕረት የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ብዙው የወንዝ ዳር መሬት የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ሆነ። ጥጡም ሸንኮራውም ለአገር ጥቅም አምጥቷል፤ ነገር ግን በ1965ና በ1966 ድርቅ በመጣ ጊዜ መሸሻውን ያጣ አርቢ ከብቱም ራሱም አለቀ።

በ1970ዎቹ ዓመታት ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ ምድሩን ከነፋስና ከመሸርሸር እንዲጠብቅ ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። አሳቡ በጎ ነበር። ዛፉ ግን ከተተከለበት አልፎ ግጦሹን ዋጠው፤ እሾሁ ለከብቱ እግር፥ ጥሻው ለመንገዱ መሰናክል ሆነ። በረሃውን ለማልማት የታሰበው አረንጓዴ ለአርቢው ከበረሃው የባሰ ሆነበት።

በሁለቱም ነገር የጐደለው ገንዘብ ወይም ትጋት አይደለም፤ የጐደለው ጥያቄ ነው። ምድሩ ባዶ ነው ብሎ የተነሣ ሰው የሚጠይቀው ሰው አይፈልግም። ስለዚህ ወደዚያ አገር ለሥራ የሚላክ ሹም የመለኪያውን ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋራ ለዳጉ ቢቀመጥ ሥራው ይቃናለታል። ሕዝብን የሚያስተምሩ ሊቃውንትም ስለ ቆላው ወንድማቸው ሲናገሩ ያዩትን ከሰሙት ቢለዩ፥ ይህን ልማድ ከአፋር መማራቸው ክብር እንጂ ውርደት አይሆንባቸውም።