የሞተር ኮፓ ስለ መፍታት የቀረበ አሳብ

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከሐይቅ ጀምሮ እስከ አምባሰል ዳገት ድረስ፥ በአራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ መኪና ዘርና ማዳበሪያ ያደርሳል። መኪናው በሰኔ ቢቆም ጉዳቱ የሚደርሰው ዝናሙ ሳያልፍበት መዝራት ባለበት ገበሬ ላይ ነው።

ስለዚህ ዘይት በተንጠባጠበ ጊዜ የዘይት መያዣውን፥ ይኸውም ኮፓውን፥ አስፈትተው ጓርኒሲዮኑን ብቻ አስለውጠው የሚያስዘጉ ሹማምንትና ባለ መኪኖች ነገሩን እንደ ገና ሊመለከቱት ይገባል። በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች የፊት አክስሉ ከኮፓው ሥር ስለሚያልፍ፥ ሻንሲው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ካልቆመና አክስሉ ወደ ታች ካልወረደ ኮፓው በቀላሉ አይወጣም። ይህን ያህል ከተደከመ በኋላ ውስጡን ሳይመረምሩ መዝጋት ድካሙን ማባከን ነው። በኮፓው ግርጌ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ቢገኝ ብሮንዚኑ እየተበላ መሆኑን ያስረዳል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ቢነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ የፓምፑ ወንፊት በዝቃጭ ቢደፈን ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል።

ደግሞም የሐይቅ ውሃ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ የገባበት እድፍ በውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ከሞተሩ የወጣው ዘይት በበርሜል ይጠራቀም እንጂ በመሬት ላይ አይፍሰስ።

ጥገና የሚያዝ ሹም «ተገጠመ» የሚለውን ቃል ከመቀበሉ አስቀድሞ፥ በኮፓው ውስጥ ምን እንደ ተገኘ መካኒኩን ይጠይቅ። የግማሽ ቀን ትዕግሥት የዘር ወራትን ያድናል።