ድንጋይም ያረጃል
በእጅ ሰዓታችንም ሆነ በግድግዳ ሰዓታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው። ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 እንዲህ ያለው ድንጋይ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ገለጡ። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው እንደ ሹካ ሁለት ጣት ሆኖ የተቀረጸ ሲሆን በ1 ሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ መሣሪያውም ይህን ቍጥር 15 ጊዜ ለሁለት እየከፈለ 1 ሴኮንድ ያገኝበታል።

ታዲያ ድንጋይ ያረጃልን? አዎን፥ ያረጃል፤ የእርጅናውም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ኢምንት እድፍ ሲያርፍበት ክብደቱ ጨምሮ ንዝረቱ ይዘገያል፤ ከላዩ ሲራገፍለት ይፈጥናል። የተያዘበት ብረትም ውጥረቱ በጊዜ ብዛት ሲላላ ንዝረቱን ይለውጠዋል።

ይህ ነገር በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱ ችግር አስከተለ። ለአሜሪካ ጦር ራዲዮ በሚሊዮን የሚቈጠር ኳርትዝ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ድንጋዩ ሲሞረድ ገጹ ተጐድቶ ስለ ነበር፥ እርጥበት ባገኘው ጊዜ ፍርፋሪው እየረገፈ ንዝረቱ ከተወሰነለት ልክ አለፈ። ንዝረቱ የተዛባበት ራዲዮ ደግሞ ከባልንጀራው ጋር መነጋገር አይችልም። መድኃኒቱም የተጐዳውን ገጽ በአሲድ አጥቦ ማስወገድ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ፋብሪካዎች ድንጋዩን አጽድተው፥ አስቀድመው በሙቀት አቈይተው፥ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ያሽጉታል። እርጅናው በመጀመሪያው ዓመት ይበረታል፤ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ይሄዳል። ለተለመደው የሰዓት ኳርትዝ የመጀመሪያው ዓመት ለውጥ ከሚሊዮን 3 እጅ ያህል ሊደርስ ይችላል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ባለበት ቢጸና በዓመት 1 ደቂቃ ተኩል ያህል ያዛባል።

ስለዚህ ሰዓታችሁ በየወሩ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሙቀትና ብርድም ንዝረቱን ስለሚለውጡት ከእሳትና ከፀሐይ አርቃችሁ አኑሩት። በወር አንድ ቀን ከታመነ ሰዓት ጋር አስተያይታችሁ ልዩነቱን በወረቀት ጻፉ። ልዩነቱ በየወሩ ተመሳሳይ ከሆነ ማስተካከል ብቻ ይበቃል፤ በድንገት ቢበዛ ግን ባትሪውን አስመርምሩ።