የሚቃጠለው የገዳሪፍ አገዳ

መኸር በገባ ቍጥር የገዳሪፍ ሜዳ ሁለት ሀብት ይሰጣል፤ አንደኛው በጆንያ ተሞልቶ ወደ ገበያ የሚሄደው ማሽላና ሰሊጥ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከሀብት የማይቈጠረው አገዳ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በትራክተር በሚታረሰው በዚህ ጥቁር አፈር ላይ የሚቀረው የማሽላ አገዳ ለመኖ፥ ለጎጆና ለአጥር ይውላል፤ ከብት እምብዛም የማይቀርበው የሰሊጥ አገዳ ግን ብዙው በእሳት ያልቃል።

ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ2020 መጨረሻ ከኢትዮጵያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በዚሁ አውራጃ በኡም ራኩባ ሰፈሩ፤ በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። የሣርና የአገዳ መጠለያ ግን ዝናብ ያበሰብሰዋል፥ ምስጥ ይበላዋል፥ እሳትም በአፍታ ይፈጀዋል። በየጊዜው በተሠራ ቍጥር ለምሰሶ የሚቈረጠው ግራር ነው።

የአገዳ ቃጫ በባሕርዩ ደካማ አይደለም፤ ጕድለቱ ውሃ መውደዱ ነው። ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፥ ስለዚህም ከማጣበቂያው ይላቀቃል። መድኃኒቱ ከታወቀ ግን ቈይቷል። ቃጫው ከመቶ 5 እጅ ያህል ኮስቲክ ሶዳ በገባበት ውሃ ሲዘፈዘፍ ሰሙ ይለቃል፤ ገጹም ሻካራ ሆኖ ማጣበቂያውን አጥብቆ ይይዛል። የሶዳው መጠን ከበዛ ቃጫው ራሱ ይጐዳል። ማጣበቂያውም ከባሕር ማዶ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ከሚገለገሉበት፥ ሱዳኖች ሱንት ከሚሉት የግራር ፍሬ የሚወጣው ታኒን የጣውላ ማጣበቂያ ለመሥራት ያገለግላል። በዚህ ተዋሕዶ በሙቀት የተጨመቀ ጣውላ በመጀመሪያ ዝናብ ለማይነካው ለውስጥ ግድግዳና ለትምህርት ቤት ዕቃ ሊውል ይችላል።

መሰናክሉ ውሃ ነው። ገዳሪፍ በበጋ የመጠጥ ውሃ የሚያጥራት ከተማ ስለ ሆነች፥ መዘፍዘፊያው በራሃድ ወይም በአትባራ ወንዝ አጠገብ ቢሆን ይሻላል፤ ሆኖም የሶዳው እጣቢ ሳይጣራ ወደ ወንዙ ሊለቀቅ ከቶ አይገባም። የከብቱን መኖ ለጣውላ ማዋልም የአርቢውን እንጀራ መንጠቅ ነው። ስለዚህ ሥራው በሚቃጠለው በሰሊጥ አገዳ ይጀመር።

የመተማና የሑመራ ሜዳም ያንኑ ሰሊጥ ያበቅላል። የገዳሪፍና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በአነስተኛ መጭመቂያ ፈትነው ውጤቱን ለገበሬው ቢያሳዩት፥ ዛሬ ለእሳት የሚሰጠው አገዳ ነገ ዋጋ ይወጣለታል።