ቤት በግድግዳ፣ መብት በመዝገብ

የጅቡቲ ከተማ የባልባላ ሠፈር ታሪክ ለቤት ባለቤት ሁሉ ትምህርት ነው። የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1966 ከተማይቱን በእሾህ ሽቦ ባጠረ ጊዜ፣ መግባት የተከለከለው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በጣውላ ጎጆ ቀለሰ። ሠፈሩ ከከተማይቱ ጋር የተጠቃለለው በ1987 ነው። ጎጆው ቢቆምም በመሬት መዝገብ ላይ ስም አልነበረውም።

በ1991 የወጣው የጅቡቲ የመሬት ባለቤትነት ሕግ በመዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው። በመሬት መዝገብ ያልሰፈረ መብት በሌላ ወገን ላይ መከራከሪያ አይሆንም። ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድም ሙሉ ባለቤትነት አይደለም። የግብር ደረሰኝ ግብር መከፈሉን ያስረዳል እንጂ ባለቤት አያደርግም።

በአገራችንም የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን፣ የከተማ ይዞታ ምዝገባ በአዋጅ ተደንግጓል። ምዝገባውን ችላ ያለ ሰው ችግሩን ለልጆቹ ያወርሳል። ወታደር ለግዳጅ ሲዛወር፣ አባወራ ሲሞት፣ ቤተሰቡ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚንከራተተው በአንዲት ወረቀት እጦት ነው።

ስለሆነም እያንዳንዱ ባለቤት ከመዝገብ ቤት ቀርቦ ስሙን፣ የቦታውን ስፋትና ወሰን፣ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን፣ የግብሩንም ሂሳብ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ። መዝገብ ቤቶችም ባለጉዳይን በቀጠሮ ከማመላለስ ይቆጠቡ እንላለን።